ምዕራፍ 7፦ መጨረሻውን አትንገሪኝ

ማሪያ ኮኒኮቫ በ2016 ኤሪክ ሳይደልን ፈልጋ አግኝታ ፖከር እንዲያስተምራት ስትጠይቀው፣ አንድ ሙሉ ካርታ ስንት ቅጠል እንዳለው እንኳ አታውቅም ነበር። 52 ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አለማወቋ ከትምህርት ማነስ የመጣ አልነበረም። ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪ ያላት፣ ኒውዮርክ ውስጥ በጸሐፊነት የምትተዳደር ሴት ናት። ቤተሰቧ ላይ ሕመም፣ ሞትና ሥራ ማጣት ተደራርቦ በመጣ ሰሞን፣ በሰው ሕይወት ውስጥ የዕድል ድርሻ የት ላይ አብቅቶ የጥረት ድርሻ የት ላይ እንደሚጀምር ማጠያየቅ ያዘች። ጥያቄው ወደ ሒሳብ ሊቁ ወደ ጆን ፎን ኖይማን መራት። ፎን ኖይማን ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሳያውቅ እንዴት እንደሚወስኑ ለማስረዳት ካነሣቸው ጨዋታዎች አንዱ ፖከር ነው።

ሳይደል ደግሞ ካርታውን ከ30 ዓመት በላይ የኖረበት ሰው ነው። ዋና መድረኩ ላስ ቬጋስ በሆነው የዓለም ፖከር ውድድር ለአሸናፊ የሚሰጠውን የእጅ አምባር እስከ 2023 ድረስ 10 ጊዜ ወስዷል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚያውቀው በተሸነፈበት አንድ ዙር ነው። በ1988 ፍጻሜ በጆኒ ቻን ተረትቶ ሁለተኛ ወጣ፤ ያ ዙር ከአሥር ዓመት በኋላ «ራውንደርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ ገባና ሽንፈቱ ሲታይ ይኖራል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ከዚሁ ግፍ ጋር ይነካካል።

ተማሪዋ የጀመረችው ከላስ ቬጋስ አዳራሾች አይደለም። የኒውዮርክ ግዛት በኢንተርኔት በገንዘብ ፖከር መጫወትን አልፈቀደም፤ ከወንዝ ማዶ ያለችው ኒው ጀርሲ ግን ከ2013 ጀምሮ ፈቅዳለች። ስለዚህ ኮኒኮቫ ላፕቶፗን ይዛ የሀድሰንን ወንዝ ትሻገርና ሆቦከን ከተማ ካፌ ውስጥ ተቀምጣ በትንሽ በትንሽ ገንዘብ ትለማመዳለች። ስትሸነፍ ለመምህሯ ልትነግረው ትሻለች። እሱ ግን የሽንፈት ወሬ አይሰማም። ሊሰማ የሚፈልገው፣ ስትወስን ምን እንዳየችና ምን እንዳሰበች ነው። ካርታው በኋላ ምን ሆኖ እንደ ወጣ ለትምህርቱ አይጠቅመውም።

መምህሩ ጠባየ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ይህ ምዕራፍ ግን ደንቡ ከጠባይ ሳይሆን ከሒሳብ የመጣ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

አባይ በረሃ ላይ የቀደመው ሾፌር

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለማየት አይቸገርም። አንድ ሚኒባስ ከጭነት መኪና ኋላ እያዘገመ ይወርዳል። ሾፌሩ ትዕግሥቱ ያልቅና ፊት ለፊቱ በማይታይ ኩርባ ላይ ወጥቶ ይቀድማል። ከታች የሚመጣ መኪና አልነበረም። ሚኒባሱ ደጀን ከሌሎቹ ቀድሞ ይገባል፤ ተሳፋሪውም «አቤት ልጁ፣ እጁ ይባረክ!» እያለ ይወርዳል።

ሌላው ሾፌር ኩርባው እስኪያልፍ ታግሦ፣ ቀጥታው መንገድ ላይ አይቶ ቀደመ። ሆኖም ከገደሉ የተፈነቀለ ድንጋይ የፊት መስታወቱን መታበት። ማታ ስልክ ሲደውል ሚስቱ «ምን አስቸኮለህ?» ትለዋለች።

ጥሩው ሾፌር የቱ ነው? ከውጭ ለሚያየው መልሱ ግልጽ ነው። ግን ሁለቱንም ያጠመዳቸው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ውሳኔውን ትቶ ውጤቱን ያያል። ፖከር ተጫዋቾች ለዚህ ልማድ «ሪዛልቲንግ» የሚል ስም አላቸው፤ በአማርኛ ውጤትን አይቶ ውሳኔ ላይ መፍረድ ልንለው እንችላለን። ቃሉን ከካርታው ሰፈር አውጥታ ለሰፊው አንባቢ ያስተዋወቀችው በ2018 መጽሐፍ የጻፈችው አኒ ዱክ ናት፤ እሷም ቀድሞ የሥነ ልቦና ተማሪ፣ በኋላም በፖከር ስሟ የገነነ ሴት ናት።

በምዕራፍ 2 ላይ ሳንቲም 10 ጊዜ ተወርውሮ 7 ጊዜ ዘውድ ቢወጣ ሳንቲሙ ተንኮለኛ ነው ማለት እንዳልሆነ ታይቷል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ሜትሮሎጂ «70 በመቶ ይዘንባል» ብሎ ሳይዘንብ ሲቀር ትንበያው ሐሰት ነበር ለማለት አንድ ቀን እንደማይበቃ። እዚህ ላይ የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳንቲሙ ሲወረወር ተመልካቹ ገንዘብ ቢያስይዝስ? ያን ጊዜ ኪሱ ይጨምር ወይም ይቀንስ እንጂ ዝም አይልም፤ ሰው ደግሞ ከሒሳብ ይልቅ ኪሱን ያምናል።

ገበጣ ተጫዋች ማንን ያማርር?

ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የተሸነፈ ሰው የሚያሳብብበት የለውም፤ ባላጋራው ያየውን ሁሉ እሱም አይቷል። ዳማም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እነዚህ ጨዋታዎች ላይ ውጤት ጥሩ መምህር ነው፤ ደጋግሞ የሚረታ ሰው አብልጦ የሚያስብ ሰው ነው ቢባል ስሕተቱ ትንሽ ነው።

ካርታ ከተበወዘ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዛሬ በብዛት የሚጫወቱት የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል፤ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች መሀል ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት ባንድ ላይ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ። በየመሀሉ ውርርድ አለ። ተራው የደረሰው ሰው ገንዘብ ያስይዛል፣ የተያዘውን ያህል ከፍሎ ይቀጥላል፣ ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ካርታውን ጥሎ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ከሰባቱ ካርታ የተሻለ አምስት የሠራ ሰው መሀል ያለውን ገንዘብ ይወስዳል። ሌሎቹ ሁሉ ከጣሉ ደግሞ የቀረው ሰው ምን እንደያዘ ሳያሳይ ይወስዳል።

ከ52 ካርታ ሁለት ሲታደል 1,326 ዓይነት ጥምረት ሊመጣ ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ሁለት አስ ነው፤ እሱም በአማካይ በ221 ዙር አንድ ጊዜ ይደርሳል። ሁለት አስ የያዘ ሰው ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ቢገጥም እንኳ ከመቶው 82 ያህሉን ያሸንፋል እንጂ ሁሉንም አይደለም። የቀረው 18 ጊዜ ዕድል የሚያደርገውን ያደርጋል። ጀማሪ ሰው ይህን ሁለት ቀን ተከታትሎ ሲደርስበት «ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል» ብሎ ላፕቶፑን ይዘጋል።

20 ሳንቲም ወይስ 80 ሳንቲም

ከዚህ በላይ በወሬ መሄድ አይጠቅምም፤ አንድ ዙር ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል። የሚከተለው ለምሳሌ የተዘጋጀ ነው፤ ጠረጴዛው ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ገንዘቡ የአሜሪካ ሳንቲም ነው።

ጀማሪዋ የልብ 5 እና የልብ 4 ይዛለች። መሀል ላይ አራት ካርታ ተገልጧል፤ የልብ ንጉሥ፣ የልብ 9፣ ጥቁር 2 እና ጥቁር 10። አሁን የቀረው አንድ ካርታ ነው። እሱም ልብ ሆኖ ከወጣ አምስት ልብ ትሠራለች፤ ይህ በፖከር ትልቅ ካርታ ነው። ካልወጣ ምንም የላትም። ባላጋራዋ ንጉሥ ሳይኖረው አይቀርም፤ ሁለት ንጉሥ አጣምሮ እየመራ ነው እንበል።

የምታያቸው ካርታዎች ስድስት ናቸው፤ ያልታዩት 46። ከ13ቱ ልብ አራቱ ታይተዋል፤ 9 ቀርተዋል። ስለዚህ ከ46 ዕድል 9ኙ የሷ ነው፤ በመቶኛ 20 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ይህን ለማስላት ጣት ይበቃል፤ የተለየ ችሎታ አይጠይቅም።

መሀል 80 ሳንቲም አለ። ባላጋራዋ 20 ሳንቲም ያስይዛል። አሁን 100 ሳንቲም ለማግኘት 20 ሳንቲም መክፈል አለባት። ትክፈል?

ይህ ዙር 46 ጊዜ ቢደገምና ያልታዩት ካርታዎች እያንዳንዳቸው በተራ ቢወጡ፣ 9 ጊዜ 100 ሳንቲም ታገኛለች፤ 900 ነው። 37 ጊዜ 20 ሳንቲም ታጣለች፤ 740 ነው። የተረፋት 160 ሳንቲም ነው። በያንዳንዱ ዙር ሦስት ሳንቲም ተኩል ገደማ ማለት ነው። ትክፈል።

አሁን ያው ካርታ፣ ያው ጠረጴዛ ነው፤ ባላጋራዋ ግን 20 ሳይሆን 80 ሳንቲም አስያዘ። 160 ለማግኘት 80 መክፈል ሊኖርባት ነው። 9 ጊዜ 160 ሲታሰብ 1,440፤ 37 ጊዜ 80 ሲታሰብ 2,960። ኪሳራው 1,520 ሳንቲም ነው፤ በየዙሩ 33 ሳንቲም። ጥላ መውጣት አለባት። (ልምድ ያለው ሰው እዚህ ላይ «ከዚያ በኋላ የሚያዘውስ ገንዘብ?» ብሎ ያቋርጣል። ልክ ነው፤ ልቡ ከወጣ ተጨማሪ ልታስከፍለው ትችላለች። ለጀማሪ ግን ይህ ይበቃል።)

ካርታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። የመርካቶ ነጋዴ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ያው ሰሊጥ በአንድ ዋጋ ሲገዛ ትርፍ ነው፣ በሌላው ዋጋ ኪሳራ።

አደጋው ከዚህ በኋላ ነው። ጀማሪዋ 80 ሳንቲሙን ከፈለች እንበል። የመጨረሻው ካርታ ተገለጠ፤ የልብ 7። ስክሪኑ ላይ ገንዘቡ ተንሸራትቶ ወደሷ መጣ። ዘላ ተነሣች። ያን ዕለት ማታ የተማረችው ትምህርት «ልብ ስይዝ አልጥልም» የሚል ነው፤ ለዚህ ትምህርት ደግሞ ወሩን ሙሉ በየዙሩ 33 ሳንቲም ትከፍልበታለች። ጥላ ብትወጣና የልብ 7 ሊወጣ እንደነበር ብታውቅ ኖሮ ደግሞ «ምነው በቀረሁ» እያለች ትቆጭ ነበር፤ ትክክል ሠርታ።

ለቅሶ ቤትና ክለብ

አዲስ አበባ ውስጥ የስፖርት ውርርድ ቤት በር ላይ ለአሥር ደቂቃ የቆመ ሰው አንድ ዓይነት ታሪክ ደጋግሞ ይሰማል። «ስምንት ጨዋታ ቆርጬ፣ ሰባቱ ገብቶ፣ አንድ ቡድን በላኝ።» ጓደኛ ከንፈር ይመጥጣል። ነገ ደግሞ ተራው የከንፈር መጣጩ ይሆናል። ይህ ለቅሶ መድረስ ነው፤ ማንም ለቅሶ ቤት ሄዶ «ሟቹ ለምን ሐኪም ቤት አልሄደም?» ብሎ አይጠይቅም። በባህሉ ቦታ ደግ ነገር ነው። ለመማር ግን አይሆንም።

ሳይደል ያደገበት ስብስብ ለቅሶ ቤት አልነበረም። በ1980ዎቹ ኒውዮርክ ማንሃተን ውስጥ ሜይፌር የሚባል ክለብ ነበር፤ መነሻው ብሪጅና ባክጋሞን የሚባሉት ጨዋታዎች ናቸው። ሳይደልም ባክጋሞን ተጫዋች ነበር። ክለቡ ውስጥ ወደ ፖከር ካዘነበሉት መካከል ዳን ሃሪንግተንና ሃዋርድ ሌደረር ይገኙበታል። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ይበላሉ፤ ከዚያ ደግሞ የተጫወቱትን ዙር እያነሡ ይከራከራሉ። ማታ ባላጋራህ የነበረ ሰው ከጨዋታ በኋላ ስሕተትህን ያሳይሃል። ሃሪንግተን በ1995 የላስ ቬጋሱን ዋና ውድድር አሸነፈ። አኒ ዱክ የሌደረር እኅት ናት፤ በእሱ በኩል ሳይደልን ስታውቅና ስለ ክፉ ዕድሏ ልታዋየው ስትሞክር የገጠማት መልስ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ኮኒኮቫን ከገጠማት ጋር አንድ ነው። የሽንፈት ወሬ አይሰማም፤ ስለ ውሳኔ ጥያቄ ካላት ግን የፈለገችውን ያህል ይወያያል።

ዛሬ በኢንተርኔት ለሚጀምር ሰው ይህን ስብስብ ማግኘት ማንሃተን መኖርን አይጠይቅም። እንዲያውም አንድ ጥቅም አለው፤ ኮምፒውተሩ የተጫወተውን ዙር ሁሉ በጽሑፍ ይመዘግብለታል። ማን ስንት እንዳስያዘ፣ በየትኛው ካርታ ላይ እንደሆነ፣ ከስንት ገንዘብ እንደነሣ ሁሉ ተጽፏል። ሜይፌሮች በጭንቅላታቸው ይዘውት ይሄዱ የነበረውን ፋይል ይይዘዋል።

ከዚያ የሚቀረው አቀራረቡ ነው፤ በዚህ ላይ ጎበዞቹ ግትር ናቸው። ጠያቂው ታሪኩን ከመጀመሪያው ይጀምርና ውሳኔው ላይ ሲደርስ ይቆማል። «መሀል 80 አለ፣ ሰውዬው 80 አስያዘ፣ እኔ የልብ 5 እና 4 ይዣለሁ፤ ምን ላድርግ?» እዚያ ላይ ነጥብ። ምን እንዳደረገ አይናገርም። ምን ካርታ እንደወጣማ በፍጹም።

ለምን ቢባል፣ መጨረሻው ከተነገረ በኋላ ሁሉም ጠቢብ ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። የልብ 7 እንደወጣ የሰማ ሰው «እኔም ብሆን እከፍል ነበር» ይላል፤ እየዋሸ አይደለም፤ እውነት ይመስለዋል። ያልሰማ ሰው ግን ከ46ቱ ካርታ ጋር ብቻውን ይቀራል፤ ጠያቂዋ በዚያች ቅጽበት የነበረችበት ቦታ ማለት ነው። ከአምስት ሰው አራቱ «ጣይ» ካሏት፣ ያሸነፈችበትን ዙር እንደ ስሕተት መዝግባ ትሄዳለች። ይህን አንዴ በእውነት ማድረግ የቻለ ጀማሪ፣ ከዚያ በኋላ የሚማረው ሁሉ ይቀለዋል።

ስብስቡ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለት አይደለም። አምስት ጀማሪ ተሰብስቦ አንድ ስሕተት ላይ ሊስማማ ይችላል። የሚሻለው ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስቀምጦ የሚከራከር አንድ ሰው ያለበት ስብስብ ነው፤ «ይመስለኛል» ከሚሉ አሥር ሰዎች እሱ ብቻውን ይበልጣል።

120 ሺህ ዙር

ውጤት በጭራሽ አይታመንም? ይታመናል፤ ሲበዛ። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው።

በጃንዋሪ 2017 ፒትስበርግ ውስጥ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት የፖከር ባለሙያዎች ጋር አጋጠሙ። ሠሪዎቹ ቱማስ ሳንድሆልምና ኖአም ብራውን ናቸው። ማን እንደሚበልጥ ለማወቅ የወሰኑት የዙር ብዛት 120,000 ነው፤ 20 ቀን ፈጀ። ይህም ሁሉ ሆኖ ዕድልን ማመን አልፈለጉም። ባለሙያዎቹን ጥንድ ጥንድ አደረጓቸው፤ አንዱ ሰው ፕሮግራሙ ላይ የያዘውን ካርታ፣ በሌላ ክፍል ያለው ጥንዱ ሲጫወት ፕሮግራሙ ይይዘዋል። አንዱ ክፍል ጥሩ ካርታ ቢደርሰው ሌላው ክፍል ላይ ተገላብጦ ይመጣል፤ ዕድል ተጣፋ።

ባለሙያዎቹ በየማታው ተሰብስበው የፕሮግራሙን ደካማ ጎን ፍለጋ ዙሮቹን ይመረምሩ ነበር፤ ሜይፌር እንደገና ማለት ነው። ችግሩ፣ ፕሮግራሙም በየሌሊቱ እነሱ የበረበሩትን ቀዳዳ ሲደፍን ያድራል። መጨረሻ ላይ ሊብራተስ በጨዋታ ገንዘብ ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ መርቶ ጨረሰ።

ለዚህ ፍርድ 120 ሺህ ዙር ካስፈለገ፣ ቅዳሜ ማታ በ200 ዙር 15 ዶላር ያተረፈ ሰው ስለ ችሎታው ምን አወቀ? ከሞላ ጎደል ምንም። በአካል የሚጫወቱበት ጠረጴዛ በሰዓት 30 ዙር ገደማ ያስኬዳል፤ ኢንተርኔቱ ከዚያ እጥፍ በላይ። ፍጥነቱ ለሚማር ሰው ልምድ ቶሎ ያከማችለታል። ገንዘብም ቶሎ ይጨርሳል።

እዚህ ላይ ማስታወቂያ የማያነሣው ሒሳብ አለ። ድረ ገጹ ከሚከማቸው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ያነሣል፤ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ስድስት ሰዎች 10 10 ዶላር ይዘው ተቀመጡ እንበል፤ 60 ዶላር። በየዙሩ በአማካይ 1 ዶላር ቢከማችና 5 ሳንቲም ቢነሣ፣ ከ1,000 ዙር በኋላ 50 ዶላር ከጠረጴዛው ወጥቷል። ስድስቱ የሚከፋፈሉት 10 ዶላር ቀረ። ያ ገንዘብ ሁሉ አንድ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ አምስቱ ባዶ እጃቸውን ይነሣሉ፤ ስድስተኛውም ይዞት ከመጣው አንዲት ሳንቲም አላተረፈም። ቁማርን የሚነቅፉ አባቶች ይህን ሠንጠረዥ አይተውት አያውቁ ይሆናል፤ ድምዳሜያቸው ግን ከሠንጠረዡ ብዙም አይርቅም። ለመማር ያለ ገንዘብ በነፃ የሚጫወቱባቸው ጠረጴዛዎች አሉ፤ ሰዎች በነፃ ገንዘብ ግድ የለሽ ስለሚሆኑ ባላጋራን ማንበብ አያስተምሩም እንጂ ከላይ ያለውን የልብ ሒሳብ ለመለማመድ ይበቃሉ።

ኮኒኮቫ በጃንዋሪ 2018 ባሃማስ ላይ በተደረገ ውድድር አንደኛ ወጥታ 84,600 ዶላር አሸነፈች። ታሪኳን በ2020 ባወጣችው መጽሐፍ ተርካዋለች፤ ብዙ አንባቢም ድሉን የትምህርቱ ማስረጃ አድርጎ ወስዶታል። ይሁን እንጂ አንድ ውድድር አንድ ውጤት ነው። ከአንድ ውድድር ውስጥ ሁለት አስ በሁለት ንጉሥ የተረታበትን፣ ልብ ያልጠበቀው ሰው ላይ የወጣበትን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በሳይደል መመዘኛ ከሄድን፣ ከዋንጫው ይልቅ የሚያስረዳው ከዚያ በፊት ሆቦከን ካፌ ውስጥ እየያዘች ወደ መምህሯ የምትወስዳቸው ዙሮች ናቸው፤ ምን እንዳየች፣ ስንት እንደተጠየቀች፣ ለምን እንደከፈለች ወይም እንደጣለች።